የአንድ ብር ጉድለት

ሂርማታ ገበያ፣ ከሚዛኑ ኋላ፣
ከጫኝና አውራጆች ከሸራቸው ጥላ፣
ጠሩኝ አንድ ቅዳሜ፤ "ጋሼ፣ ሒሳብ አለ፤
ማኅበሩ ፈረሰ፤ ሣጥኑ ተከፍቶ ገንዘብ ተቆለለ።"

ቆጠርን። ደጋግመን። ነዚፍ ጣቱን በምራቅ እያራሰ፣
ራህመቶ ግድግዳው ላይ በከሰል ጽፎ እየደመሰሰ።
አምስት መቶ አስር ሺህ፣ አምስት መቶ አስር፤
ሲጠሩት ራሱን የሚደግም ብር።
የገደል ማሚቶ ነው፤ አንዴ ተጠርቶ ሁለቴ የተሰማ፣
አምስት መቶ አስር በአንድ ሺህ አንድ ተባዝቶ ሲስማማ።

ሠላሳ ዓመት ጠመኔ የያዘ ጣት አይረሳም፤
ቁጥር ሳይ እንደ ኦቾሎኒ ነው፣ ሳልፈለፍል አልነሳም።
ሁለት ወጣ፤ ሦስት ወጣ፤ አምስት፣ ሰባት ተከተለ፤
አስራ አንድ፣ አስራ ሦስት፣ አስራ ሰባት። ሌላ የለ።
ሰባቱም ብቸኛ፣ ከራሳቸውና ከአንድ በቀር የማይከፍላቸው፣
ሁለቴ የገባ የለም፤ ወረፋ አክባሪ ናቸው።
መቶ ሃያ ስምንት አካፋይ፣ መቶ ሃያ ስምንት በር፣
በየትኛውም ብትገባ ፍርፋሪ የማያስቀር።

"ስንት ናችሁ?" "አስራ ሰባት።" ልቤ ዘለለ እንደ ልጅ።
"ሠላሳ ሺህ ሠላሳ! ሳንቲም ሳይተርፍ፣ ለያንዳንዱ እጅ!"

ያኔ መይሙና ገባች፣ ጃንጥላዋን እያራገፈች፤
"የሻፊስ?" አለች። ከዚያ ወዲያ አልተነፈሰች።
ሻፊ፣ አምና ክረምት ከረጠበ ሳንቃ የወደቀው፣
ከነጆንያው። ስሙን ከመዝገብ ማንም ያልፋቀው።

አስራ ስምንት። አካፈልኩ፤ አስራ ሁለት ብር ተረፈ፤
አስራ ስምንት ሦስትን ሁለቴ ይሻል፣ የኔ ቁጥር አንዴ ጻፈ።

"ኦብሳስ?" አለ ነዚፍ፣ ጥግ ላይ ጆንያ የሚሰፋውን እያየ፣
ቀበሌ የማያውቀውን፣ ከነሱ ግን ያልተለየ፣
በየቅዳሜው አስር አስር ብር የጣለ፣
"ዕድሜህ ይሙላና እንመዘግብሃለን" እየተባለ።

አስራ ዘጠኝ።
አካፈልኩ። ቀሪ፣ አስራ ስምንት።
አንዲት ብር! ከጉድለት ሁሉ የከፋች እጦት።

ዝም አሉ። ከአዌቱ ማዶ የመጣ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤
ሁሉም በልቡ ይቀንሳል፤ ሦስት ሺህ መቶ ስልሳ አንድ ብር፣ ያስባል።
"የትምህርት ቤት ክፍያ..." አለ ራህመቶ፤ ተወው፤ ጉሮሮውን ጠረገ።
ኦብሳ ኪሱን ዳበሰ፤ ሳንቲም አወጣ፤ ከቁልሉ ላይ አደረገ።

አምስት መቶ አስር ሺህ፣ አምስት መቶ አስራ አንድ።
ማሚቶው ተሰበረ። ያ ሁሉ በር ተዘጋ፣ በአንድ ብር፣ በአንድ።
ሁለት እምቢ፣ ሦስት እምቢ፣ ሰባትም አይደፍረው፤
አስራ ሰባት ቢሞክር አንድ ይተርፈዋል። ማን ሊሰብረው?
ላላወቀ ሰው ብቸኛ ነው፣ አጥሩን ዘግቶ ያደረ፤
አስራ ዘጠኝ ቢያንኳኳ ግን፣ ለካ ሳይቆለፍ ነበረ።
ሃያ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ስልሳ ዘጠኝ ለያንዳንዱ፤
ለመይሙናም፣ ለኦብሳም። ፈርመው፣ በዝናቡ ውስጥ ሄዱ።

ማታ በጅሬን ዳገት፣ ጫማዬን ጭቃ እየያዘው፣
የቀረውን ሰነጠቅሁት፤ አመሌ ነው፣ ምን ላድርገው።
ዘጠና ሰባት፤ ሁለት መቶ ሰባ ሰባት፤ ከዚያ ወዲያ እምቢ አለ።
ሁለት ብቸኛ በሮች። እስካሁን ያንኳኳቸው የለ።