ብቻ የምትል ቃል

ካርሜል ተራራ ላይ፣ በናሃል ኦረን ሸለቆ፣
ደረቅ ወንዝ ተኝቷል፣ ተራራውን ሰንጥቆ፤
ወዲህ ፀሐይ የበላው፣ ወዲያ ጥላ ያቀፈው፣
ድንጋይ ብወረውር ካንዱ፣ ከማዶው ነው የሚያርፈው።

አጥኚዎቹ ስም ሲያወጡ፣
የደረቀውን «አፍሪካ»፣ የለመለመውን «አውሮፓ» አሉት።
እኔም ሳቄን ዋጥኩ።
ጠዋት አፍሪካን እወጣለሁ፣
ምሳዬን አውሮፓ፣ ባሉጥ ሥር ጋደም ብዬ እበላለሁ፤
ፓስፖርት የጠየቀኝ የለም።

ሥራዬ መቁጠር ነው።
መሬቱን በገመድ አጥሬ የዱር ገብስ እቆጥራለሁ፣
ቁመቱን፣ ዛላውን፣ ያበበበትን ቀን እጽፋለሁ፤
ዘጠኝ ዓመት፣ በዝናቡም በሐምሲኑም።
ገብሱ ያው ገብስ ነው፤ ላላፊ አግዳሚው አይለይም።
ግን የፀሐዩ ወገን ይቸኩላል፤
አፈሩ ሳይጨክንበት ያብባል፣
ሞት ሳይጠራው ዘሩን ይጥላል።
የጥላው ረጋ ያለ ነው፣ እንደ ባለርስት፣
ነገም ውሃ እንዳለው የሚያውቅ ይመስል።
ሁለቱን ጎን ለጎን፣ በአንድ አፈር፣ በአንድ ውሃ ብዘራቸው፣
የፀሐዩ ልጅ እዚያም ይጣደፋል፤
ያንን ገደል አይቶት ሳያውቅ።
ማንም አልመከረው።
የዘገየው ዘር ሳይተካ ደረቀ፣ የፈጠነው ተረፈ፤
ዝግመተ ለውጥ፣ በችኩል ገብስ የተጻፈ።

ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ወጥቶ፣ ቲራት ካርሜል፣ አራተኛ ፎቅ።
የወንድሜ ልጅ ኢታይ፣ ኪፓውን እያስተካከለ፣
«አክስቴ፣ የአንቺ ነገር ቴኦሪያ ብቻ እኮ ነው» አለ።
አባቴ ጎበዜ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሃይፋን በብሎኬት ያቆመ፣
ጆሮውን በመዳፉ አሰፋ። «ምን አለ? ቴኦሪያ ምንድን ነው?»
ከዕብራይስጡ ወዳማርኛው መሻገሪያ ፈለግሁ፤
ጎንደር፣ ሰባተኛ ክፍል ጥዬው የመጣሁት ቃል ተነሣልኝ።
«ንድፈ ሐሳብ» አልኩት።

«ንድፍ?» ከወንበሩ ቀና አለ።
«ንድፍማ ብቻ አይባልም!
ግምት ሌላ ነው፤ ገመድ ያልነካው የዓይን ልክ፤
እሱን ብቻ በለው፣ ካሻህም ተሳለቅ።
ሃዳር ላይ ስምንት ፎቅ ስናቆም ንድፉን አይቻለሁ፣
አፈሩ ተመርምሮ፣ ብረቱ ተቆጥሮ፣ ነፋሱ ሳይቀር ተሰልቶ።
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስህተት ወጣበት፤
መሐንዲሱ በቀይ አረመው፣ እኛም ቀጠልን።
ታረመ ብለን ቤቱን አላፈረስንም።
ድንጋይ ድንጋይ ነው ልጄ፤ ሲከመር ክምር ነው።
የትኛው የትኛውን እንደተሸከመ የሚነግርህ ንድፉ ነው።»

እኔ ዝም አልኩ። ዘጠኝ ዓመት የቆጠርኩት ድንጋይ
ቦታ ቦታውን ሲይዝ ተሰማኝ።
ደግሞ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ለገብሱ ማንም ንድፍ ሥሎ አልሰጠውም፤
ንድፉ የኛ ነው፣ ያየነውን አቁመን የምናይበት።
ይህን ልል ስል ኢታይ ቀደመኝ፤
«አያ፣ ታዲያ ዓለምን ማን ገነባው?»
«እግዜር ነዋ!» አለ አባቴ፣ ሳይውል ሳያድር።
«እንዴት እንደገነባው ግን አልነገረኝም፤ ቀጥሮኝ አያውቅ።»

ኢታይ አልሳቀም፤ አልተረታምም።
በሚቀጥለው ዓርብ ግን ደወለ፤ «መምጣት ይቻላል?»

ፀሐዩ ገደል ላይ፣ ከገመዴ ውስጥ፣ የመጀመሪያው ዛላ አብቧል።
ተንበርክኬ ቀኑን ጻፍኩ።
ልጁ ከኋላዬ ቆሟል፣ ነጭ ጫማው ጭቃ ጠግቦ።
በዓይኑ ወንዙን ተሻገረ፣ ወደ ጥላው።
«እዚያ ማዶስ?»
«ገና ነው» አልኩት።
እስክሪብቶውን ተቀበለኝ፤
«እዚያ ማዶ» ብሎ ጻፈ፣ ከጎኑም ባዶ ቦታ ተወ።