መቀመጫ

የመመረቂያ ሥራዬ፣ ሜትር ካርባ የጨረሰ፣
ፎም ላይ የተለጠፈ፣ ላሚኔት የለበሰ፣
ባጃጅ አላስገባው ብሎ፣ ነፋስ እያንገላታው
ከፖሊ እስከ ሽንብጥ በብብቴ ነው የመጣው።

ርዕሱ «ታንኳ» ነው፤ ለከተማ ምልክት፤
ሦስት ሰማያዊ መስመር፣ አንድ ቢጫ ቅስት።
መምህር ይርሳው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
«ንጹሕ ሥራ» አለኝ፤ ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ
ቢ ፕላስ ጻፈና ቀጣዩን ተማሪ ጠራ።
እኔም ንጹሕ ሆኜ ወጣሁ፤
ንጹሕ፣ ያለ ሥራ።

ፋሲሎ በኩል ነው፣ አንድ ማተሚያ ቤት፣
«ልብ ትስያለሽ?» አሉኝ፣ ጥር ሊገባ ሳምንት።
አርባ የሠርግ ልብ ሳልኩ፤ ቀይ፣ ወርቃማ፣ ባለ ርግብ፤
ሌሊት ዓይኔን ስጨፍን ይመጣል ሌላ ልብ።
በሦስተኛው ቀን ቀረሁ።

ጥላዬን ያየሁት ያኔ ነው፤
ባጃጅ ተራ፣ ከጎሚስታው ጎን ተንበርክኮ
ስቲከር ይቆርጣል በምላጭ።
ማስመሪያ የለ፣ እርሳስ የለ።
«ቀን ያልፋል» ነው የሚለው፤ የ«ያ»ን እግር
እንደ መንጠቆ ቀልብሶ
ከኋላ መስታወቱ ላይ አሳ ሊያጠምድበት ይመስላል።
«ማን አስተማረህ?» ስለው
በምላጩ ጫፍ አሳየኝ
እግሩ ሥር የተጨማደደውን የብልሽት ክምር።
እኔ ያበላሸሁትን
አራት ዓመት ሙሉ ስደብቅ ነበር።

ጋሽ ኑርዬ ጋ ያደረሰኝም እሱ ነው።
ሐይቁ ዳር፣ የታጨደ ደንገል ፀሐይ በሚሞቅበት፣
ሰሌዳዬን ዛፍ አስደግፌ ኮራ ብዬ አሳየሁት።
ቆሞ አየ። ቁጢጥ ብሎ አየ።
«ታንኳ ነው?»
«አዎን፣ ታንኳ ነው።»
«ሰውየው የት ነው የሚቀመጠው?»

ምልክት ነው፣ አልኩት፤ አይቀመጡበትም።
«እንዲያ ነው?» አለና ልጡን በጥርሱ ነክሶ፣
እስሩን በተረከዙ ረግጦ
ማጥበቁን ቀጠለ፤ መልስ አልጠበቀም።

ሥራዬን ሦስት ቦታ አስቀምጫለሁ፤
በፍላሽ፣ በላፕቶፕ፣ በኢሜይል።
የእሱ ስድስት ወር ቢቆይ ነው፤
ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል።
«ከዚያስ?»
«ከዚያማ ሌላ ነዋ።»

ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። እንቦጩ ቀርቧል፣
ደንገሉ ርቋል፤ ደህናውን ለማጨድ ማዶ ይኬዳል።
የመጀመሪያ ቋጠሮዬ ጋሽ ኑርዬ ሳያይ ተፈታ፣
ሁለተኛው እያየ።
ሦስተኛውን ራሱ ፈታው፤ ክፉ ደግ ሳይናገር
ልጡን በእጄ አስጨበጠኝ፣ ልክ እንደ ሰላምታ።
መዳፌ ተሰነጠቀ።
እናቴ ቫዝሊን እያሻሸች
«ዲግሪው ይሄ ነው?» አለች።

ዛሬ ጠዋት ስደርስ ሰሌዳዬ ዛፉ ሥር የለም።
ልጮህ ነበር። ቀና ስል
ከነጫጮቹ ወፎች ወዲያ
በድሩ፣ የጋሽ ኑርዬ የእህት ልጅ፣ ይቀዝፋል፤
ከሥሩ ሰማያዊ፣
ከሥሩ ቢጫ።

የደንገል ታንኳ ውሃ አይከለክልም፤ ከታች ይሰርጋል፣
ቀኑን ሙሉ የቀዘፈ ሱሪው እንደረጠበ ይገባል።
ላሚኔት ግን አያሳልፍም።
እና ቢ ፕላሴ፣ ንጹሕ የተባለችው፣
የአንድ ሰው መቀመጫ አድርቃ ዋለች።

ሲመለስ ከሰዓት ሆኗል። ሁለት አምባዛ፣ አንድ ቆሮሶ።
ቅስቱ ላይ ቅርፊት ተለጥፏል፤
ጥግ ላይ የነበረው ስሜ ተፍቋል፤
«ደህና ነው» አለኝ በድሩ፣ ውሃውን ከእጁ እያራገፈ፣
«ግን ያንሸራትታል።»

ብዙ ተብያለሁ እስከ ዛሬ፤
ንጹሕ፣ ዘመናዊ፣ ተስፋ ያላት።
«ያንሸራትታል» ያለኝ ግን አልነበረም።

ማታ ባጃጅ ይዤ ገበያው ጋ ወረድኩ፤
የመስታወቱ «ያ» በመንጠቆው ሸኘኝ።
«ብርጭቆ ወረቀት አለ?»
«ሻካራው ነው ለስላሳው?»
«ሻካራው።»