ሠላሳ ስድስተኛው

ከአባቴ ካፖርት፣ ከተቀደደው ገበር፣
ጣት የምታህል ቆርቆሮ ተሰንቅራ ነበር።
ብነቀንቃት ኳ አለች፤ ያልታጠበ ፊልም ናት፣
እናቴ ዓይኗን ጨፍና በመዳፏ መዘነቻት።
«የመጨረሻው ነው» አለች።

አባቴ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ከቢቸና እስከ ደጀን
ሙሽራ አንስቷል፣ አራስ አንስቷል፣ ሬሳም አንስቷል አንድ ቀን።
ለተማሪው ጉርድ፣ ለባለ ሹመቱ ሙሉ ቁመት፤
እሱ ራሱ ግን ሳይነሳ ሄደ፣
ግድግዳችን ላይ የጠፋው አንድ ሰው፣ የቤቱ ባለቤት።

የቢቸናው ፎቶ ቤት ዛሬ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣
መታወቂያ በላስቲክ ያሽጋል፣ ለስልክ ዘፈን ይጭናል።
ልጁ ቆርቆሮዋን አገላብጦ፣ አሽትቶ፦
«ስንት ጊጋ ናት?»
«ሠላሳ ስድስት።»
«ጊጋ?»
«አይ፣ ጊዜ።»
አልገባውም። ግን ደግ ልጅ ነው፤ መንገድ አሳየኝ፦
«ጋሽ አላምረው ጋ ሂጅ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሚስማር የሚሸጡት።»

ከማጠፊያና ከሚስማር ክምር መሀል ቀና ብለው
«የይርዳው ነሽ» አሉኝ፣ ቆርቆሮዋን ብቻ አይተው።
«መድኃኒቱ አርጅቷል። እኔም አርጅቻለሁ። ፊልሙም።
ግን ሦስት ሽማግሌ ተቀምጦ የማይታረቅ ነገር የለም።»

የጓዳዋን ስንጥቅ በጆንያ ሲደፍኑ፣ ሲደፍኑ፣
መብራት ሄደ።
የልጁ ኮምፒውተር ጸጥ። ወፍጮው እህል እንደጎረሰ ቀረ።
ጋሽ አላምረው ሳቁ፦ «አየሽ?
ለኔ ሲባል ከተማው ሙሉ ጨለማ ክፍል ሆነ።»

ሰዓት የላቸውም። አባታችን ሆይን ነው የሚቆጥሩት፣
አሥራ አራት ጊዜ፣ ሳይቸኩሉ፣ ከንፈራቸው ላይ ደገሙት፤
በየአሜኑ ጣሳዋን አንዴ እየገለበጡ፣
ውሃው የጉድጓድ፣ የጥር ውሃ፣ ጣቶቻቸው እየተንቀጠቀጡ።
ሆምጣጤ ሆምጣጤ ሸተተኝ። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ
«ያኔም ሲታጠብ አላሳዩኝም» አለች፣ ለማንም ሳይሆን፣ ለጨለማ።

ከዚያ በሩ ተከፈተ።
ፊልሙ በልብስ መቆንጠጫ ፀሐይ ፊት ተንጠለጠለ።
ሠላሳ አምስቱ ጉም ናቸው። እዚህ ጋ ክንድ መሳይ፣
እዚያ የጃንጥላ ጫፍ፤ ዓመታቱ በልተውታል ከላይ ከላይ።
ሠላሳ ስድስተኛው ላይ ግን፣ ጋደል ብሎ፣ ጆሮው ከዳር ተቆርጦ፣
አንድ ሰው አለ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች እናቴ።
«እዚህ ጋ ተጫኚ አለኝ። ተጫንኩ። ቀጭ አለ።
የያዘ አልመሰለኝም።»

ጋቢው ጠቁሯል፣ ጥርሱ ጠቁሯል፣
ፀጉሩ ግን ነጭ፣ የተባዘተ ጥጥ መስሏል፤
በሠላሳ ሁለቱ የሞተው ሰውዬ
ያልደረሰበትን ሽበት ደፍቶ ያየናል።

እናቴ ሻሿን ሸሸት አድርጋ የራሷን ነካች።
«ሸብቷል» አለች።

ልጁ መብራት ቢጠፋበት ተከትሎን መጥቶ ኖሮ
ስልኩን አወጣ፦ «እማማ፣ ልገልብጠው?
አንዴ ስነካው ይስተካከላል፣ ፀጉሩም ይጠቁራል።»
«ተወው፣ ልጄ። በዚህ ዕድሜዬ
ከጎረምሳ ጋር ብታይ፣ አገሩ ምን ይለኛል?»

ጋሽ አላምረው ገንዘብ አልተቀበሉም።
ቆርቆሮዋን ግን ለመኑኝ፣ ክዳኗን ከፍተው እየዘጉ፤
ለጫማ ሚስማር፣ ለትንንሾቹ፣
ልክ ናት አሉ።