ፑኤስ ሲ

ላሬዶ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ ከመስኮቱ ማዶ ወንዙ፣
ከወንዙ ማዶ ሌላ አገር፣ ድልድዩ ላይ የመኪና ጓዙ።
እኔ መሐል ነኝ፤ እንጀራዬ ነው መሐል መቆም፣
የራሴን ቃል ሳልጨምር፣ የሰው ቃል ተሸክሞ መድከም።

ዶክተር ዊትሎክ ጠየቀ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ፦
«እንድንቆርጠው ይፈልጋሉ? ከጉልበት በታች ነው፣ ቁስሉ ሽቅብ ሳይነሣ።»
ለዶን ክሪሳንቶ አደረስኩት፤ የአጥር ብረት በያጅ፣ ሰባ አንድ ዓመቱ፤
ጣሪያውን አየ፣ እግሩን አየ፣ ዘወር ብሎ አየ ወደ ሚስቱ፤
«ፑኤስ ሲ» አለ።

«ሲ» እንኳ «አዎ» ናት፣ ሕፃንም ያውቃል፤
ያቺ «ፑኤስ» ናት እንጂ፣ ጉዷ መች ያልቃል፤
«እንግዲህ» ናት፣ «ምን ይደረግ» ናት፣ ትከሻ መስበቅ ናት፣
ላልጠሩት እንግዳ በር ከፍቶ ዝም ማለት ናት።
«እሺ ይበልጣል ከሺ» ይባላል፤ እሺስ ስንት ዓይነት አለ!
የጓጓ አለ፣ የፈራ አለ፣ ደክሞት ብቻ እሺ ያለ።
ፎርሙ ላይ ያለችው ግን አንዲት ሣጥን፤
ምልክት የምትጠብቅ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር መጠን።

«አስተርጓሚዋ ማጣራት ትፈልጋለች» አልኩ።
ሕጉ ነው፤ ስለ ራሴ ሳወራ «እሷ» ነኝ፣
«እኔ» የምትለው ቃል የበሽተኛው ናት፣ እዚህ ክፍል የለችኝ።
ሽማግሌው ሳቀ፤ በጉሮሮው፣ እንደ ዛገ ማጠፊያ፦
«እግሬ እኮ ነው። ማን ይፈልጋል? አልፈልግም።
ግን እሺ፤ ቁረጡ።»

«አልፈልግም፤ ተስማምቻለሁ ግን» ብዬ ወደ እንግሊዝኛው ሳመጣው፣
ዶክተሩ ቀና አለ፤ ብዕሩን ከድኖ አስቀመጠው።
«ታዲያ የሚፈልጉት ምንድን ነው?»
ይህ ፎርሙ ላይ አልነበረም።

ዶን ክሪሳንቶ በአገጩ ጠቆመ፤ ዶኛ ኤዱቪሄስ ጥግ ላይ
ካልሲ በጥንድ በጥንድ ትጠቀልላለች፣ ቀና ብላም ሳታይ።
«ኪዬሮ» አለ፣ «ይህቺን።»

ኪዬሮ! ወዶ እንደ ማለት፤
ወዶ ፈቅዶ፣ ወዶ አፍቅሮ፣ ባንድ ሥር የቆሙ ሁለት።
እንግሊዝኛ ግን ቢላ ነው፤ እዚህ ሲደርስ ይቆርጣል፣
ፍላጎቱን ወዲህ፣ ፍቅሩን ወዲያ ያስቀምጣል።
የቱን ልስጠው? አንዱን ብጥል፣ ሰውየው ይጎድላል።

ሁለቱንም ሰጠሁት። አንድ በአንድ፣ ቀስ ብዬ።
ምናልባት ከደንቡ ውጪ ነው።
ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ነገ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል አለ።

ዶኛ ኤዱቪሄስ አልተናገረችም።
የጠቀለለችውን አንድ ጥንድ ፈታች፤
አንዱን ለደህናው እግር አለበሰች፣
ሌላውን አጥፋ አጥፋ
ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።