የጎደለችው ፊደል

በአራተኛው ቀን ላይ ሻርለርዋ ዝም አለች፣
ከሳምብር ወንዝ በቀር የሚሄድ አጣች።
ትራሙ ከጋራዥ፣ ባቡሩ ከጣቢያ፣
ሱቁ ከነቁልፉ፣ ጭር ብሎ ገበያ፣
በረዶውም ሳይቀር ጠራጊውን አጥቶ
የከንቲባውን ደጅ ዘግቶታል ተኝቶ።

እኛ ከማኅበሩ አዳራሽ ፎቅ ላይ ነን፣
ካፖርት ደራርበን፣ ሾርባ ተካፍለን።
ዜኖብ ነው ሰብሳቢው፣ የትራም ሾፌር፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍሬን የለመደ እግር፤
«አገር አቆምን!» ይላል ደጋግሞ ሲናገር።
«ማቆሙንስ...» አለ ናዛሬኖ ቀስ ብሎ፣
የሾርባውን ማንኪያ ከአፉ ነጥሎ፣
«አያቴም አቁሟል፣ አባቴም አቁሟል፣
ሁለቱም በሰኞው ተመልሰው ገብተዋል።»

እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ።
ሌሊት ሌሊት ትራም አጥባለሁ፤ ፈረንሳይኛዬ ያነክሳል፣
የእጅ ጽሑፉ ያምራል ብለው ነው የመረጡኝ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በሩ ተንኳኳ።
ጊስሌን ናት፣ ከዳምፕሬሚ፣
ከሻርፗ እስከ ጫማዋ በረዶ ለብሳ።
ባሏ ከሰል ቆፋሪ ነበር። ሳንባው ድንጋይ ሆኖ
ራስጌው ላይ በሚያቃስት ማሽን ይተነፍሳል።
«መብራቱንም ልታጠፉ ነው ሲሉ ሰማሁ።
ከንቲባው ዘንድ ሄድኩ።
እነሱን ጠይቂ አለኝ።
ይኸው፣ እናንተን ልጠይቅ መጣሁ።»

ማንም አላጨበጨበ።
ሾርባው ቀዘቀዘ።
መንግሥት የሚሉት ነገር፣ ስንት ዘመን የሮጥንለት፣
በአንዲት አሮጊት ጓንት ውስጥ ተልኮልን መጣ፣
እንደ መልስ ሳንቲም።

ከደብተሬ ገጽ ገነጠልኩ። ጻፍኩ፦
«ለቁጥር አርባ አንድ፣ መስመሩ እንዳይቋረጥ።»
ዜኖብ ማኅተሙን አሳረፈበት፣
የእግር ኳስ ቲኬት የምንመታበትን ያንኑ ማኅተም።
አጣጥፋ ከደረቷ ከተተችው። ሄደች።
መብራቷም አልጠፋም።

ዜኖብ ማኅተሙን አየት አደረገና
እንደ ጋለ ብረት አስቀመጠው።
«ነገ ዳቦ ጋጋሪው ቢመጣስ?» አለ።
«ሐኪሙስ? ውኃውስ? እስር ቤቱስ? ፖሊሱስ?»

በፈረንሳይኛ ሰማሁ፣ በገዛ ፊደሌ ጻፍኩ፦

አድማ ብዬ ጻፍኩኝ በወረቀቱ ዳር፣
አንዲት ስ ጎድላው ከቃሉ ጫፍ ነበር፤
ስ ብትጨመርበት ጥያቄ ይሆናል፣
አድማስ? ብሎ ነገን፣ ማግስትን ይጠይቃል፤
ስ ብትጨመርበት ደግሞም ይዘረጋል፣
ከፋብሪካው ጀርባ ሰማይ ምድር ይነካል።
ጥያቄዋን ፈርቶ ከደጇ ለቆመ
አድማ አድማ ይቀራል፣ አድማስ እንዳለመ።

እስኪነጋ ተከራከርን።
ፈርተን ነበር፤ ፖሊስን አይደለም፣
ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ማኅተም።
ዜኖብ ሊነጋጋ ሲል መሳቢያ ውስጥ ቆለፈው።

ሰኞ ተመለስን።
ሁለት በመቶ ጨመሩልን። አንድ ሚኒስትር ወረደ፣
ወንበሩ አልወረደም።
ሥራውን አቆምን እንጂ ሥሩን አልነቀልን።
ናዛሬኖ «ነግሬያችሁ ነበር» አላለም፤
ሐዲዱ ላይ የደረቀ በረዶ በእግሩ ሰበረ፣
አንድ በአንድ፣ እስከ ጋራዡ በር።

ሚያዝያ ላይ፣ ባሏን በቀበረች በሳምንቱ፣
ጊስሌን የኛን ትራም ተሳፈረች።
ተቆጣጣሪው ቲኬት ሲላት ያቺን ወረቀት ዘረጋችለት።
አነበባት። ገለበጣት።
«ወይዘሮ፣ ይህ ጊዜው አልፎበታል።»
«የት ላይ ተጽፏል?» አለችው።

ዜኖብ በመስታወቱ አየኝ።
ቀን አልጻፍኩበትም ነበር።