እርስዎ

ሐዋሳ፣ ጤና ጣቢያ። የካርድ ክፍሉ እስክሪብቶ «ወ» እና «ሴ» መሃል ቆመ፤
«አንተ…» አለ፤ ቀና ብሎ አየኝ፤ «አን…» ብሎ ደገመ።
ከኋላዬ ሰልፉ ሳቀ። አንዱ ሳል አስመሰለ።
ሳጥኑን ባዶውን ትቶ ካርዱን በመስኮት ጣለ።

ጣቴ ነው ያመጣኝ፤
አሞራ ገደል ዓሣ ስበልት ቢላው ስቶ፣
ሦስት ቀን በጨርቅ ደብቄው፣ እብጠቱ ወደ ክንዴ ወጥቶ።

ግድግዳው ላይ «እጅዎን ይታጠቡ» የሚል መመሪያ አለ፤
ስለ እኔ አንድ መስመር የለም።

ሲስተር ባዩሽ ካርዱን አየች፤ ባዶውን ሳጥን አየች፤
«ይግቡ፤ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» አለች።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። አንቱ የሚያስብል ሽበት የለኝ፤
ወንበር እንደሳበልኝ ሰው፣ ያ ቃል ግን አስቀመጠኝ።

መግሉ ሲወጣ አለቀስኩ።
«አይዞዎት» አለች፤ አሁንም አልሳተችም።
«ሐሙስ ይመለሱ።»

እመለሳለሁ።