የሌሊት ተረኛ

ስድስት ጥያቄ አለው ወረቀቱ፤
ይነጫነጫል ወይ? ይዝታል? ይጮኻል?
ደብረ ብርሃን ነው፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል።

ላቀው አምስት አገኘ፤
«ሳይነጋ ይማታል» ማለት ነው ትርጉሙ።
ቀን ለእጥበት ብለው ባናውን ወስደዋል፣
አባቱ መንዝ ላይ የሸመነለትን፤
ለዚህ ሣጥን የለም።

ከገመድ አውርጄ ሰጠሁት፣ ጫፉ እንደረጠበ፤
አሸተተው፤ ተከናንቦት አደረ።
ዜሮ ያልነው በልሁ፣ ያ ዝምተኛው፣ ጨዋው፣
ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ
በክርኑ መስታወት ሰበረ።

ደሙን ጠርጌ ስጨርስ
አንድ ባዶ ቅጽ ሳብኩ፤ ስሜን ጻፍኩበት።
ተነጫንጬአለሁ።
ጽዳቷ ላይ ጮኼአለሁ።
በርም አላትሜአለሁ፣ ሁለቴ።
ደመርኩት፦ አራት።

«ሰላም አደራችሁ?» አለችኝ፣ የጧቷ ተረኛ።
«ሰላም» አልኩ፤
አራቷ በጋዋኔ ኪስ
ታጥፋ እንደተኛች።